ከኤሌክትሮኒክ የሕክምና መዝገብ ሪፖርት ማውጣትና መረጃ መተንተን፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የኤሌክትሮኒክ የሕክምና መዝገብ የሚሞላው ታካሚን ለማከም ነው፤ መቁጠር በኋላ የመጣ ሥራ ነው። ሐኪሙ፣ ነርሷና የላብራቶሪ ባለሙያው የሚጽፉት ለሚቀጥለው ሐኪም እንጂ ለሪፖርት አዘጋጁ አይደለም። ከታች ያሉት ጥያቄዎች አብዛኞቹ ከዚህ ክፍተት የሚመነጩ ናቸው።

ሪፖርት እንዳወጣ ታዝዣለሁ። የመጀመሪያው ሥራ ምንድን ነው?

ኩዌሪ (ከመረጃ ቋት መረጃ የሚጠይቅ ትእዛዝ) ከመጻፍ በፊት የአመልካቹን፣ ማለትም የሚለካውን ቁጥር፣ ትርጓሜ በጽሑፍ ማስፈር። አንድ ገጽ ይበቃል። ማን ይቆጠራል፣ ከእነማን መካከል፣ ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን፣ ማን ከቆጠራው ይወጣል፣ መረጃው ከየትኛው ሠንጠረዥና ከየትኛው ዓምድ ይመጣል የሚለውን ይጻፉና ሪፖርቱን የጠየቀው ክፍል አይቶ ይስማማበት።

«ከሆስፒታል ከወጡ በኋላ በ30 ቀን ውስጥ ተመልሰው የተኙ ታካሚዎች በመቶኛ» የሚለውን አመልካች እንውሰድ። ሲሰሙት ግልጽ ይመስላል። ሕይወታቸው አልፎ የወጡት ግን ተመልሰው ሊተኙ ስለማይችሉ ከዲኖሚኔተሩ (መቶኛው ከሚሰላበት ጠቅላላ ቁጥር) መውጣት አለባቸው፤ ካልወጡ ብዙ ሰው የሚሞትበት ክፍል ጥሩ ውጤት ያለው መስሎ ይታያል። ወደ ሌላ ሆስፒታል የተላኩትስ? ለኬሞቴራፒ በቀጠሮ የሚተኙት? ድንገተኛ ክፍል መጥተው ሳይተኙ ወደ ቤት የሄዱት? ጠዋት ወጥቶ ማታ የተመለሰ ሰው አዲስ ተኚ ነው ወይስ ያው የመጀመሪያው ሕክምና ቀጣይ? በሁለት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ የተኛ ሰውስ፣ ሁለተኛው መተኛቱ ለመጀመሪያው መመለስ፣ ለሦስተኛው ደግሞ መነሻ ሆኖ ሁለቴ ይገባል? በአንዳንዶቹ ላይ ከአንድ በላይ ትክክለኛ ምርጫ አለ። ምርጫው ካልተጻፈ ግን በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ሰው ሌላውን ይመርጥና ሁለቱ ዓመታት አይነጻጸሩም።

የዚህ አመልካች የወር ቁጥር ወሩ ባለቀ ማግስት አይወጣም። በወሩ የመጨረሻ ቀን የወጣው ታካሚ 30 ቀኑን እስኪጨርስ መጠበቅ ግድ ነው። ቀድሞ የወጣ ሪፖርት ከእውነተኛው ያነሰ ቁጥር ያሳያል፤ ቅርብ ጊዜው ሁልጊዜ የተሻለ ስለሚመስልም አመራሩን ያሳስታል።

አንድ ጥያቄ ለሁለት ክፍል ቀርቦ ሁለት የተለያየ ቁጥር መጣ። የቱ ነው ትክክል?

ብዙ ጊዜ ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ የቆጠሩት ነገር ነው የሚለያየው። አንዱ ሰው ቆጥሯል፣ ሌላው ጉብኝት፣ ሦስተኛው የታዘዘ ምርመራ። ከዚህ ቀጥሎ የሚለያያቸው ቀን ነው፤ አንዱ በገቡበት ቀን፣ ሌላው በወጡበት ቀን ቆጥሮ ይሆናል። ወር ተሻግረው የተኙ ታካሚዎች ልዩነቱን ይፈጥራሉ።

እውነተኛ ስህተት ከሆነ ግን ዋናው ተጠርጣሪ የሠንጠረዦች መጣመር ነው። አንድ ታካሚ ሦስት ጉብኝት አለው፤ በእያንዳንዱ ጉብኝት ሁለት የሕመም መለያና አራት የላብራቶሪ ውጤት ተመዝግቧል እንበል። የጉብኝቱን ሠንጠረዥ ከሁለቱም ጋር በአንድ ጊዜ ሲያጣምሩ 3 በ2 በ4 ይባዛና 24 ረድፍ ይወጣል። ያንን የቆጠረ ሰው አንዱን ታካሚ 24 አደረገው። ካውንት ዲስቲንክት (የተደጋገመውን አንዴ ብቻ የሚቆጥር ትእዛዝ) ሰዎቹን ሲቆጥሩ ያድናል፤ ድምርና አማካይ ላይ ግን አያድንም፣ እያንዳንዱ የላብራቶሪ ውጤት ሁለቴ ገብቷልና። መፍትሔው እያንዳንዱን ሠንጠረዥ አስቀድሞ ለብቻው ወደ አንድ ረድፍ በጉብኝት ማጠቃለል፣ ከዚያ ማጣመር ነው። ከእያንዳንዱ ማጣመር በፊትና በኋላ የረድፉን ብዛት ያስተያዩ፤ ባልጠበቁት መጠን ካደገ ወይም ካነሰ አይቀጥሉ።

ሌሎች የተለመዱ የኤስኪውኤል (ኩዌሪ የሚጻፍበት ቋንቋ) ወጥመዶች የትኞቹ ናቸው?

የቀን ገደብ። ዓምዱ ሰዓትም የያዘ ከሆነ «ከ1 እስከ 31» ብሎ በቢትዊን መጠየቅ 31ኛውን ቀን ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያለውን በሙሉ ይጥለዋል። «ከ1 ጀምሮ፣ ከሚቀጥለው ወር 1 በፊት» ብለው ይጻፉት።

በሌፍት ጆይን (የመጀመሪያውን ሠንጠረዥ ረድፎች፣ ተዛማጅ ባይኖራቸውም፣ ሁሉንም በሚይዝ ማጣመር) የመጣን ሠንጠረዥ ዌር (የኩዌሪው የማጣሪያ ክፍል) ውስጥ ማጣራት። ምርመራ ያልተሠራላቸው ታካሚዎች እንዳይወጡ ብለው ሌፍት ጆይን ከተጠቀሙ በኋላ ዌር ላይ «የምርመራው ስም ይህ ይሁን» ሲሉ ያልተመረመሩት ይወድቃሉ። ዲኖሚኔተሩ ጠብቦ ሽፋኑ 100 በመቶ ይሆናል። ማጣሪያውን ወደ ጆይኑ ሁኔታ ያስገቡት።

ኖት ኢን («ከዝርዝሩ ውስጥ የሌለ» የሚል ማጣሪያ) ደግሞ ዝርዝሩ ውስጥ አንድ ነል (ባዶ እሴት) ካለ ምንም ረድፍ አይመልስም፤ በምትኩ ኖት ኤግዚስትስ ይጠቀሙ። የተሰረዙ መዝገቦችንም አይርሱ። አብዛኞቹ ሥርዓቶች በስህተት የገባን ነገር አያጠፉትም፤ «የተሻረ» የሚል ምልክት ብቻ ያደርጉበታል፤ ያንን ያላጣራ ኩዌሪ የተሻረውንም ይቆጥራል።

ኩዌሪውን ሐኪሞች በሚሠሩበት ሥርዓት ላይ በቀጥታ ማሄድ እችላለሁ?

አይሞክሩት። የዓመት መረጃ የሚጎትት ኩዌሪ ሠንጠረዥ ሊቆልፍ ወይም ሰርቨሩን ሊያዘገይ ይችላል፤ የሚዘገየው ደግሞ ድንገተኛ ክፍል ውስጥ መድኃኒት እያዘዘ ያለ ሐኪም ነው። ለንባብ ብቻ የሚያገለግል ቅጂ ወይም በየሌሊቱ የሚታደስ የመረጃ መጋዘን ይኑር፤ የእርስዎም መለያ የማንበብ እንጂ የመጻፍ ፈቃድ አይኑረው።

የስኳር ሕመምተኞችን ዝርዝር እንዴት ላውጣ? የሕመም መለያ ኮዱን ብቻ ብፈልግ አይበቃም?

አይበቃም፤ በሁለቱም አቅጣጫ ይሳሳታል። በአይሲዲ-10 (በዓለም አቀፉ የሕመም መለያ ኮዶች ዝርዝር 10ኛ እትም) ኢ10 ዓይነት 1ን፣ ኢ11 ዓይነት 2ን፣ ኦ24 በእርግዝና ወቅት ያለን የስኳር ሕመም ያመለክታሉ። ኢ11ን ብቻ ከፈለጉ ለማጣራት ተብሎ አንዴ የተጻፈለትና ምርመራው ነፃ ያወጣው ሰው ይገባል፤ ለሌላ ሕመም እየመጣ የስኳር መድኃኒት የሚወስድ፣ ኮዱ ግን ያልተጻፈለት ሰው ይቀራል።

የሚሠራው መንገድ ብዙ ምልክቶችን ማጣመር ነው። ለምሳሌ በሁለት የተለያዩ ቀናት የተጻፈ የስኳር ሕመም ኮድ፣ ወይም አንድ ኮድና 6.5 በመቶ የደረሰ ወይም ያለፈ የኤችቢኤዋንሲ (ያለፉትን ሁለት ሦስት ወራት አማካይ የደም ስኳር የሚያሳይ ምርመራ) ውጤት፣ ወይም አንድ ኮድና የስኳር መድኃኒት ትዕዛዝ። መድኃኒት ብቻውን አይበቃም፤ ሜትፎርሚን የተባለው የስኳር መድኃኒት ለፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ሲንድረምም ይታዘዛል፣ ኢንሱሊን ደግሞ ከፍ ያለ ፖታሲየምን ለማውረድ አንዴ ሊሰጥ ይችላል። ኦ24 ያላቸውን በተናጠል ይያዙ።

የሕመም መለያው ከየት እንደመጣም ይለዩ። ለክፍያ የተላከው ኮድ፣ በጉብኝቱ ላይ የተጻፈው መለያና በቋሚ የችግሮች ዝርዝር ውስጥ ያለው ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የችግሮች ዝርዝር ሕክምናን በደንብ ይገልጻል፤ ግን የዳነ ሕመም ሳይነሣ ለዓመታት ሊቀር ይችላል።

ከዚያ ያረጋግጡ። ከገቡት 30፣ ካልገቡት 30 ካርድ መርጠው ሐኪም ያንብባቸው። ያልገቡትን ከጠቅላላው ታካሚ በዕጣ ማውጣት ብዙም አያሳይም፤ አብዛኞቹ በእርግጥ ሕመሙ የሌለባቸው ናቸውና። በአንድ መስፈርት የቀሩትን ይምረጡ፦ አንድ ኮድ ብቻ ያላቸውን፣ ውጤታቸው ከፍ ብሎ ኮድ የሌላቸውን። ስህተቱ የሚገኘው እዚያ ነው።

የላብራቶሪ ውጤቶችን አማካይ ስወስድ እንግዳ ቁጥር ይወጣል። ለምን?

መለኪያ ክፍሉን ይዩ። የደም ስኳር በሚሊግራም በዴሲሊትር ወይም በሚሊሞል በሊትር ይጻፋል፤ ሁለተኛውን በ18 ማባዛት የመጀመሪያውን በግምት ይሰጣል። 126 እና 7.0 አንድ ዓይነት ውጤት ናቸው። ሁለቱን ሳይቀይሩ አማካይ ቢወስዱ 66.5 ይመጣል። ይህ ቁጥር እብድ አይመስልም፤ ስኳሩ የወረደበት ሰው ውጤት ይመስላል። ስለዚህም ማንም ሳያየው ያልፋል። ክሬያቲኒን (የኩላሊት ምርመራ) ላይ ልዩነቱ 88.4 እጥፍ ስለሆነ ቶሎ ይጋለጣል። ኤችቢኤዋንሲም ሁለት መለኪያ አለው፤ 6.5 በመቶ ማለት 48 ሚሊሞል በሞል ነው።

ክፍሉ በራሱ ዓምድ ካልተመዘገበ በየማሽኑና በየላብራቶሪው ከፋፍለው የውጤቶቹን ሥርጭት ይሳሉ፤ ሁለት ጉብታ ከታየ ሁለት መለኪያ አለ ማለት ነው። «ከ0.5 በታች» ተብለው በጽሑፍ የገቡ ውጤቶችንም ቁጥር አይደሉም ብለው አይጣሉ፤ የሚጥሏቸው ዝቅተኛዎቹን ብቻ ስለሆነ አማካዩ ወደ ላይ ይሄዳል። የምርመራዎቹን ስም በሎይንክ (ለላብራቶሪ ምርመራዎች የወጣ ዓለም አቀፍ መለያ) ኮድ ማስማማት ረጅም ሥራ ነው፤ አንዴ ከተሠራ ግን ከሁለት ተቋም የመጣ ውጤት በአንድ ላይ ይነበባል።

የደም ግፊት መረጃችን ሊታመን ይችላል?

ቀላል ፈተና አለ፦ የመጨረሻውን አሃዝ ይቁጠሩ። በዲጂታል መሣሪያ የተለካ ከሆነ በዜሮ የሚያልቀው ወደ 10 በመቶ ገደማ መሆን ነበረበት፤ በየ2 ሚሊሜትር ሜርኩሪ በሚነበብ መሣሪያ ከሆነ 20 በመቶ ገደማ። ግማሹ በዜሮ ካለቀ ባለሙያው እያጠጋጋ ነው የሚጽፈው።

ይህ የአጻጻፍ ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም። ብዙ ሰው 140 ላይ ተከማችቶ ሳለ «ከ140 በታች» እና «140 እና ከዚያ በታች» የሚሉት ትርጓሜዎች በጣም የተራራቀ ውጤት ይሰጣሉ። ግፊቱን የተቆጣጠረ ታካሚ ስንት ነው ለሚለው መልስ፣ ሕክምናው ሳይለወጥ፣ በአንድ የእኩል ምልክት ብቻ ሊገለበጥ ይችላል።

ባዶ የሆነ ቦታ «የለም» ማለት ነው?

አይደለም። ባዶ ቦታ አልተጠየቀም፣ ተጠይቆ አልተጻፈም፣ ሌላ ቅጽ ላይ ተጻፈ፣ ወይም በነፃ ጽሑፍ ማስታወሻ ውስጥ ተቀምጧል ማለት ሊሆን ይችላል። የማጨስ ታሪክ ባዶ የሆነለትን ሰው ሁሉ «አያጨስም» ብሎ መቁጠር በጣም የተለመደው ስህተት ነው። ሦስቱን፣ አዎን፣ አይደለምንና አልተመዘገበምን፣ ለየብቻ ያሳዩ።

ባዶነት ራሱ መረጃ ይዞ ይመጣል። ምርመራ የሚታዘዘው ሐኪሙ ሲጠራጠር ነው፤ የተመረመሩት ካልተመረመሩት የባሰ ሕመም ያለባቸው ይሆናሉ። እ.ኤ.አ. በ2018 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል የወጣ ጥናት ከተመለከታቸው የላብራቶሪ ምርመራዎች በአብዛኞቹ፣ ከውጤቱ ይልቅ የታዘዘበት ጊዜ የታካሚውን የሦስት ዓመት በሕይወት መቆየት የበለጠ እንደሚተነብይ አሳይቷል። ስለዚህ የጎደለውን በአማካይ ሞልቶ መቀጠል ይቅር።

በተቃራኒው ሙሉ የሚመስል ግን ባዶ የሆነ መረጃም አለ። ዕድሜው ያልታወቀ ሰው ሁሉ የልደት ቀኑ የዓመቱ የመጀመሪያ ቀን ይሆናል፤ ሥርዓቱ አስቀድሞ የሞላው ምርጫም ማንም ሳይነካው ያልፋል። በአንድ ቀን የተወለዱ ሰዎች ከሌላው ቀን በብዙ እጥፍ ከበለጡ ምክንያቱ ይህ ነው።

አንድ ሰው ሁለት ካርድ ሲኖረውስ?

ሰው ሲቆጠር ይበዛል፣ ክትትሉ ደግሞ የተቋረጠ ይመስላል። የካርድ ቁጥር ብቻ አያድንም፤ ስም፣ የልደት ቀን፣ ጾታና ስልክ እያስተያዩ ነጥብ የሚሰጥ የማዛመጃ ዘዴ ያስፈልጋል። ለዚህ መሠረት የሆነውን የሒሳብ ሞዴል ፌሌጊና ሰንተር እ.ኤ.አ. በ1969 አሳትመውታል። ስም ከአንድ ፊደል ወደ ሌላ ሲገለበጥ በብዙ መልክ ስለሚጻፍ ፊደል በፊደል ማመሳሰል ብዙዎችን ይስታል። ነጥባቸው መሐል ላይ የወደቁትን ሰው ይያቸው። ሁለት የተለያዩ ሰዎችን በስህተት ማዋሃድ አንዱን ሰው ሁለት አድርጎ ከመተው እጅግ የከፋ ነው፤ የአንዱ የመድኃኒት አለርጂ በሌላው ካርድ ላይ ይጻፋልና።

የትኛውን ሰዓት ልጠቀም?

አንድ የላብራቶሪ ምርመራ ቢያንስ አምስት ሰዓት አለው፦ የታዘዘበት፣ ናሙናው የተወሰደበት፣ ላብራቶሪ የደረሰበት፣ ውጤቱ የወጣበትና የጸደቀበት። የታካሚውን ሁኔታ ለማወቅ ናሙናው የተወሰደበትን፣ የላብራቶሪውን ፍጥነት ለመለካት ናሙናው ላብራቶሪ ከደረሰበት እስከ ጸደቀበት ያለውን ይውሰዱ። የነርሶች ምዝገባ ላይ «የተደረገበት» እና «የተመዘገበበት» ሰዓት ይለያያሉ፤ ሥራ ሲበዛ የፈረቃው ሁሉ ምዝገባ መጨረሻ ላይ አንድ ላይ ይገባል። ቆይታው አሉታዊ ቁጥር የሆነበትን ረድፍ ዝም ብለው አይሰርዙ፤ መጀመሪያ ስንት እንደሆነና ከየትኛው ክፍል እንደመጣ ይዩ።

ኤክሴል በቂ ነው?

ለመጨረሻው ሠንጠረዥና ግራፍ አዎ፤ ለጥሬ መረጃ አይደለም። የካርድ ቁጥር መጀመሪያ ላይ ያሉትን ዜሮዎች ይበላል፣ ከ15 አሃዝ የሚረዝም መለያን መጨረሻውን ወደ ዜሮ ይለውጣል፣ ቀን የሚመስለውን ሁሉ ቀን ያደርጋል። አሁን ያለው የፋይል ቅርጽ 1,048,576 ረድፍ፣ አሮጌው ደግሞ 65,536 ረድፍ ብቻ ይይዛል። እ.ኤ.አ. በመስከረምና በጥቅምት 2020 በእንግሊዝ 15,841 የኮቪድ ታማሚዎች ከዕለታዊ ሪፖርት የቀሩት መረጃው በአሮጌው ቅርጽ ሲጫን ከገደቡ ያለፈው ስለተቆረጠ ነበር። ንክኪ የነበራቸውን ሰዎች መፈለጉም አብሮ ዘገየ።

የአልጋ ቆይታን በአማካይ ላቅርብ?

በሚዲያን ያቅርቡ፤ ማለትም ታካሚዎቹ በቆይታቸው ቢደረደሩ መሐል ላይ ያለው የቆየውን። ዘጠኝ ሰው 3 ቀን፣ አንድ ሰው 93 ቀን ቢተኛ አማካዩ 12 ቀን ይሆናል፤ 12 ቀን አካባቢ የተኛ ግን ማንም የለም። ለአልጋ ዕቅድ ከሆነ ጠቅላላ የአልጋ ቀናት ስለሚያስፈልግ አማካዩም ቦታ አለው።

አመልካቻችን ካለፈው ወር ከ6 ወደ 14 በመቶ ወጣ። አደጋ ነው?

ስንት ሰው ነው? በወር 50 ታካሚ ካለና የረጅም ጊዜ አማካዩ 10 በመቶ ከሆነ 6 በመቶ 3 ሰው፣ 14 በመቶ 7 ሰው ነው። የቁጥጥር ቻርት (የተለመደውን መዋዠቅ ገደብ የሚያሳይ ግራፍ) ላይ በሦስት ሲግማ (ከአማካዩ በሦስት መደበኛ ልዩነት ርቀት) ሲሰላ የላይኛው ገደብ 22.7 በመቶ ገደማ ይደርሳል፤ የታችኛው ከዜሮ በታች ስለሚወርድ ዜሮ ይሆናል። ሁለቱም ወሮች በተለመደው መዋዠቅ ውስጥ ናቸው። በዚህ ልዩነት የክፍል ኃላፊን መጥራት ባለሙያውን ያለ ምክንያት ያደክማል። ከገደቡ የወጣ ነጥብ ወይም በተከታታይ ስምንት ወር ከአማካዩ በአንድ በኩል የዋለ መስመር ሲያዩ ግን ምክንያት ይፈልጉ። ቀይና አረንጓዴ ቀስት ብቻ ያለው ዳሽቦርድ ይህን ልዩነት አያሳይም።

ስም ካጠፋሁ መረጃውን ማጋራት እችላለሁ?

ስም ማጥፋት መጀመሪያው ብቻ ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. የ1990 የሕዝብ ቆጠራ ላይ በተሠራ ስሌት የፖስታ ኮድ፣ ሙሉ የልደት ቀንና ጾታ ብቻ 87 በመቶ የሚሆነውን ሰው ነጥሎ ለመለየት የሚበቁ ሆነው ተገኝተዋል። የአሜሪካ የጤና መረጃ ደንብ እንዲወገዱ የሚዘረዝራቸው መለያዎች 18 ናቸው፤ ከ89 ዓመት በላይ የሆነ ዕድሜም በአንድ ምድብ ይጠቃለላል። የልደት ቀንን በዕድሜ ምድብ፣ ቀንን በወር፣ ቀበሌን በሰፊ አካባቢ ይተኩ። ነፃ ጽሑፉን ሳያነቡ አያውጡ፤ ሐኪሙ የታካሚዋን ልጅ ስም ጽፎት ሊሆን ይችላል።

የካርድ ቁጥርን በሃሽ (ቁጥርን ትርጉም ወደሌለው ኮድ በሚለውጥ ስሌት) መቀየር ያለ ምስጢራዊ ቁልፍ ምንም አይከላከልም። ባለ ስድስት አሃዝ ቁጥር አንድ ሚሊዮን ብቻ ስለሆነ ሁሉንም ሃሽ አድርጎ ማስተያየት ለኮምፒውተር የቅጽበት ሥራ ነው። ሠንጠረዥ ላይ ትንንሽ ቁጥሮችን፣ ለምሳሌ ከ5 በታች ያሉትን፣ ሲደብቁ ደግሞ ድምሩን ያስቡ፤ አንድ ሳጥን ብቻ ተደብቆ ድምሩ ከቀረ ቀንሶ ማግኘት ይቻላል፤ ሁለተኛ ሳጥንም ይደበቅ።

የትንበያ ሞዴል መጨመር እንፈልጋለን።

ሁለት ነገር ይጠይቁ። ሞዴሉ የሚጠቀመው መረጃ ትንበያው በሚያስፈልግበት ሰዓት በእርግጥ መዝገቡ ውስጥ አለ? የመውጫ ኮድ የሚጻፈው ታካሚው ከወጣ በኋላ ነው፤ በገባ ቀን ለሚደረግ ትንበያ ያንን የተጠቀመ ሞዴል በሙከራ ድንቅ፣ በሥራ ላይ ባዶ ይሆናል። ሁለተኛ፣ የሚተነበየው የምንፈልገው ነገር ራሱ ነው ወይስ ተተኪው? እ.ኤ.አ. በ2019 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ የሕመም ክብደትን በሕክምና ወጪ የተካ ሞዴል ለጥቁር አሜሪካውያን ያነሰ ነጥብ ይሰጥ ነበር፤ እኩል እየታመሙ ያነሰ ገንዘብ ይወጣላቸው ነበርና።

ለወራት ደህና የሠራ ሪፖርት ዛሬ ዜሮ አሳየ። ምን ሆኖ ነው?

ታካሚ ጠፍቶ ሳይሆን ምንጩ ተለውጦ ነው። ቅጹ ታድሶ ጥያቄው አዲስ መለያ አገኘ፤ ላብራቶሪው ማሽን ቀይሮ የምርመራው ኮድ ተለወጠ፤ ተቋሙ ከአይሲዲ-10 ወደ አይሲዲ-11 ተሻግሮ ኢ11 የነበረው 5ኤ11 ሆነ፤ ወይም የሌሊቱ የመረጃ ጭነት መሐል ላይ ቆሟል። ዜሮ ሲሆን እንኳ ደግ ነው፣ ይታያል። ከአምስት ክፍል የአንዱ መረጃ ብቻ ሲቀር ግን ቁጥሩ በጥቂቱ ይወርድና ሥራው የቀነሰ ይመስላል።

ስለዚህ ከየምንጩ በየቀኑ የገባውን ረድፍ የሚቆጥር አንድ ትንሽ ሠንጠረዥ ይያዙ። የትናንቱ ቁጥር ካለፉት አራት ሳምንታት ተመሳሳይ ቀናት በጣም ካነሰ ማስጠንቀቂያ ይላክ፤ የሰኞን ከሰኞ ጋር እንጂ ከእሑድ ጋር አያወዳድሩ። ሪፖርቱ ላይ መረጃው እስከ የትኛው ቀንና ሰዓት ድረስ እንደሆነ በጉልህ ይጻፍ። ቅጽ ወይም ኮድ የሚቀይረው ክፍል ከመቀየሩ በፊት ለሪፖርት ክፍሉ እንዲያሳውቅ በአሠራር ይደንገግ፤ ኩዌሪውም አሮጌውንና አዲሱን መለያ አንድ ላይ የያዘ፣ ከመቼ እስከ መቼ እንደሚሠሩ ቀን የተጻፈበት የኮድ ዝርዝር ያንብብ እንጂ ኮዶቹ በውስጡ አይጻፉ።